ለኪራይ የሚሆን ቤት ስለ መጀመር፤ ከጂንካ እስከ አርቦሬ

በደመወዝ የሚኖር ሰው ሁሉ በልቡ የሚያመላልሰው አንድ አሳብ አለ፤ ይኸውም እርሱ ጡረታ በወጣ ጊዜ፥ ወይም ሞት በቀደመው ጊዜ፥ ሚስቱና ልጆቹ በምን ይተዳደራሉ የሚለው ነው። አንዳንዱ ገንዘቡን በባንክ ያኖራል፤ አንዳንዱ ከብት ይገዛል፤ ብዙው ሰው ግን በዛሬ ጊዜ የሚመኘው ሁለት ወይም ሦስት ክፍል ቤት ሠርቶ ማከራየትን ነው። በዚህ ነገር ምክር የሚጠይቁን ወዳጆች ስለ በዙ፥ በትንሽ ከተማ ቤት ማከራየት ለሚጀምር ሰው የሚጠቅመውን ልንጽፍ ወደድን። ምሳሌ የምናደርገውም አዲስ አበባን አይደለም፤ በደቡብ ኦሞ ያለችውን ጂንካንና ከእርስዋ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በቆላው ያለችውን አርቦሬን ነው።

ጂንካ ጥንታዊ ከተማ አይደለችም ቢሉን እንቀበላለን፤ ታሪክ የላትም ቢሉን ግን አንቀበልም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የመንግሥት ጦር ወደ ኣሪ አገር ከገባ በኋላ የሹማምንት መቀመጫ የነበረችው በደጋው ላይ ያለችው ባኮ ናት። ከጊዜ በኋላ መቀመጫው ወደ ጂንካ ወረደ፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመንም ጂንካ በጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ውስጥ የገለብና ሐመር ባኮ አውራጃ ዋና ከተማ ሆነች። ቀድሞ አውሮፕላን የሚያርፈው በከተማው መካከል ባለው ሣር ሜዳ ላይ ስለ ነበረ፥ አውሮፕላን በማይመጣበት ሰዓት ከብት ይግጥበት፥ ልጆችም ኳስ ይጫወቱበት ነበር። ዛሬ ከተማይቱ የአስፋልት አውሮፕላን ማረፊያና ዩኒቨርሲቲ አላት፤ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በተመሠረተ ጊዜም የክልሉ መሥሪያ ቤቶች ከተከፋፈሉባቸው ከተሞች አንዲቱ ሆናለች።

ይህን ሁሉ የምናወራው ያለ ምክንያት አይደለም። በትንሽ ከተማ ቤት የሚከራየው ነጋዴ ወይም ባለጸጋ ሳይሆን፥ ከሌላ አገር ተዛውሮ የመጣ አስተማሪ፥ ነርስ፥ ጸሐፊ፥ ፖሊስ ነው። እርሱም የሚመጣው መንግሥት ባለበት ነው። መንግሥት መቀመጫውን ሲያዛውር ተከራዩ አብሮት እንደሚሄድ ከባኮ ታሪክ መማር ይቻላል። ስለዚህ ቦታ ከመፈለግ አስቀድሞ፥ በዚያ ከተማ ስንት መሥሪያ ቤት፥ ስንት ትምህርት ቤት፥ ስንት ሐኪም ቤት እንዳለ፥ ሠራተኞቻቸውም አሁን የት እንደሚያድሩ በእግር እየዞሩ መጠየቅ ይገባል። ይህን ለደላላ የተወ ሰው፥ የሚሰማው ደላላው ሊሸጥለት የፈለገውን ነው።

አርቦሬ ግን ሌላ ነገር ናት። ከኮንሶ የሚወርደው መንገድ ወይጦ ላይ ይከፈላል፤ አንዱ በቀይ አፈር አልፎ ወደ ጂንካ ይወጣል፤ ሁለተኛው በአርቦሬ አልፎ ወደ ቱርሚ ይሄዳል። አገሩ ከጨው ባሕር በስተ ሰሜን ያለ ሞቃት ቆላ ነው። ሕዝቡ ከብት ያረባል፤ ወንዙ ሞልቶ በተመለሰበት እርጥብ መሬት ላይም ማሽላ ይዘራል። ጐጆውን የምትሠራው ሴቲቱ ናት፤ ሥራውም በእንጨትና በሣር ስለ ሆነ ነፋስ ይገባበታል፤ በዚያ ሙቀት ውስጥ ከቆርቆሮ ቤት ይልቅ ለኗሪው ይመቻል። ይህ ጐጆ ለቤተ ሰብ እንጂ ለገበያ የተሠራ አይደለም። በመንገዱ ዳር ግን ለትምህርትና ለጤና ሥራ ተልከው የመጡ ሠራተኞች አሉና፥ እነርሱ የሚያድሩበት ክፍል ያስፈልጋቸዋል። እንግዲህ ገንዘብ ያለው ሰው ዓይኑን የሚጥለው በዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚህ ነው።

ስሕተቱ እንዲህ ነው። ሰውዬው ወደ አንድ ሽማግሌ ይቀርባል፤ ጥቂት ብር ወይም ጥቂት ከብት ይሰጣል፤ ሦስት ምስክር ያቆማል፤ በወረቀትም ያስፈርማል። ከዚያ በኋላ «መሬት ገዛሁ» ብሎ ድንጋይ ያስጭናል። ነገር ግን በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 እንደ ተጻፈው፥ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፥ አይለወጥም። በዚያው አንቀጽ አርብቶ አደሮች ለግጦሽና ለእርሻ የሚሆን መሬት በነጻ የማግኘትና ከይዞታቸው ያለመፈናቀል መብት እንዳላቸው ተጽፎአል። ሽማግሌው የሸጠው የእርሱ ብቻ ያልሆነውን ነው፤ ገዢውም የገዛው ክስ ነው። የሚያሳዝነው ደግሞ፥ በዚህ ዓይነት ነገር ተጐጂው አንድ ወገን ብቻ አለመሆኑ ነው፤ ከብት አርቢው የግጦሹን ቦታ ያጣል፥ ደመወዝተኛውም የሃያ ዓመት ቁጠባውን ያጣል። በአርቦሬ ቤት ለመሥራት የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ወደ ወረዳው ሄዶ፥ ስፍራው በፕላን ተከልሎ ለቤት መሥሪያ የተሰጠ መሆኑን በጽሑፍ ይጠይቅ። የጽሑፍ መልስ ካላገኘ፥ ገንዘቡን ይዞ ወደ ጂንካ ይመለስ።

በከተማ ክልል ውስጥ ያለ ቦታ የሚገኘው በሊዝ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ቦታ በጨረታ ወይም በምደባ እንዲሰጥ፥ ለመኖሪያ ቤትም ዘመኑ 99 ዓመት እንዲሆን፥ ቅድሚያ ክፍያውም ከጠቅላላው ዋጋ ከመቶ 10 እንዳያንስ ደነገገ። የተሠራ ቤት ለሚገዛ ሰው ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ግን ሌላው ድንጋጌ ነው፤ ነባር ይዞታ ላይ ያለ ቤት ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ወደ ሦስተኛ ሰው ሲተላለፍ፥ አዲሱ ባለቤት ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል። ብዙ ገዢዎች ይህን ሳያስቡ ለሻጩ ገንዘባቸውን ሁሉ ከፍለው፥ ማዘጋጃ ቤት ደርሰው የሊዝ ክፍያ ሲጠየቁ ይደነግጣሉ። ቀብድ ከመስጠት በፊት ካርታውን ይዞ ማዘጋጃ ቤት መጠየቅ አንድ ቀን ቢፈጅ ነው።

ስለ ቤት ኪራይ ስንጽፍ 1967 ዓ.ም.ን ዘልለን ማለፍ አይገባንም። ከዚያ በፊት በአዲስ አበባም በጠቅላይ ግዛቶችም መሳፍንቱና መኳንንቱ፥ ከእነርሱም ጋራ ብዙ ሹማምንትና ነጋዴዎች፥ ቤት እየሠሩ በማከራየት ይኖሩ ነበር። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማን ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ፤ ለአንድ ቤተ ሰብ የተተወለት አንድ መኖሪያ ቤት ብቻ ነው። የወር ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ቤት ለቀበሌ፥ ከዚያ በላይ የሆነው ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጠ። የታላላቆቹ ሕንፃዎች ወሬ ብዙ ጊዜ ተነግሮአል፤ ከግቢዋ ዳር ሁለት ጭቃ ክፍል ሠርታ በዚያ ኪራይ ልጆችዋን ታሳድግ የነበረችው ሴት ግን ብዙ አልተነገረላትም። አዋጁ እርስዋንና ባለ ሃያ ቤቱን ጌታ በአንድ ስም «ትርፍ ቤት ያለው» ብሎ ጠራቸው። በሌላ በኩል ደግሞ በዚያው አዋጅ ኪራይ ተቀንሶላቸው ያደሩ ብዙ ድኾች እንደ ነበሩ መካድ አይገባም፤ በቀበሌ ቤት ተወልዶ ያደገ ሰው ነገሩን በሌላ ዓይን ያየዋል።

የመንግሥት ለውጥ ከሆነ በኋላ፥ ያለ አዋጅ የተወሰደ ንብረት እንዲመረመር በ1987 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 110 ወጣ። ያን ጊዜ ካርታውን፥ የግብር ደረሰኙንና የውሉን ወረቀት በሣጥን ቆልፎ ያቈየ ሰው ማስረጃው በእጁ ነበረ። እኛ በችሎት ጸሐፊነታችን ብዙ ሰነድ ስላገላበጥን፥ ለቤት አከራይ የምንመክረው የመጀመሪያው ዕቃ ቆርቆሮ ወይም ሚስማር አይደለም፤ ምስጥና ውኃ የማይገባበት ሣጥን ነው።

አሁን ይህ ገጽ በተለይ ወደሚመለከተው ወደ ቤተ ሰብ ነገር እንግባ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ በአንቀጽ 68፥ ባልና ሚስት የጋራቸው የሆነውን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፥ ለመለወጥ፥ በመያዣ ለመስጠት ብቻ ሳይሆን ለማከራየትም የሁለቱ ስምምነት እንዲኖር ያዝዛል። ይህ የፌዴራሉ ሕግ ነው፤ ክልሎችም የየራሳቸውን የቤተ ሰብ ሕግ አውጥተዋል። ባል ብቻውን ፈርሞ ያከራየውን ቤት ሚስቱ ልትቃወም ትችላለች፤ ሚስትም ብቻዋን ብትፈርም እንዲሁ ነው። ስለዚህ የኪራይ ውል ሲጻፍ ወይዘሮዋ ቡና ልታፈላ ወደ ጓዳ እንዳትገባ፤ ተቀምጣ ታንብብ፥ ትፈርምም።

ከዚህም የሚበልጥ አለ። ቤቱ ከጋብቻ በፊት በባልዮው ገንዘብ የተሠራ እንደ ሆነ፥ ቤቱ የግሉ ነው፤ ከእርሱ የሚገኘው ኪራይ ግን በሕጉ የጋራ ገቢ ነው። ባል በሞተ ጊዜ ግን ኪራዩ ከቤቱ ጋራ ወደ ወራሾች ይሄዳል። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ያለ ኑዛዜ የሚወርሱት አስቀድሞ ልጆች ናቸው፤ ሚስት የምትወስደው ከጋራው ንብረት ድርሻዋን እንጂ የባልዋን የግል ቤት አይደለም። ሃያ ዓመት ተከራይ ስትቀበልና ስትሸኝ፥ ግድግዳ ስታስለስን የኖረች ሴት፥ ባልዋ ከሌላ የወለዳቸው ልጆች ቤቱን ሲረከቡ ባዶ እጅዋን ልትቀር ትችላለች። ይህን የማይወድ ባል በሕይወቱ ሳለ ኑዛዜ ያድርግ፤ በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ ይፈረማል። «ገና ጤነኛ ነኝ» የሚል መልስ ብዙ ጊዜ ሰምተናል፤ ኑዛዜ የሚጻፈው ግን በጤና ጊዜ ነው።

ስለ ሒሳቡ በአጭሩ እንናገር። ለምሳሌ ያህል አራት ክፍል ሰርቪስ ቤት በ600,000 ብር ተሠራ እንበል፤ እያንዳንዱም ክፍል በወር 2,000 ብር ይከራይ። በዓመት 96,000 ብር ነው፤ ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ቆሞ ይደሰታል። ነገር ግን በዓመት አንድ ወር ክፍሎቹ ባዶ ቢሆኑ 8,000 ብር ይቀነሳል፤ ለልስንና ለጥገና ሌላ 8,000 እንበል፤ ለግብር፥ ለሊዝና ለጥበቃ ደግሞ 20,000 እንበል። የቀረው 60,000 ነው፤ ያወጣነውም ገንዘብ የሚመለሰው በአሥር ዓመት ነው። ቁጥሩን በየከተማው ዋጋ መለወጥ ይቻላል፤ ባዶውን ወር ከሒሳቡ ያወጣ ሰው ግን ራሱን ያታልላል። በብድር የሚሠራማ፥ ወለዱ በአሥሩ ዓመት ውስጥ ስንት እንደሚሆን ከጠየቀ በኋላ ይሥራ።

ስለ አሠራሩ ጥቂት እንቈይ፤ በዚህ አገር ቤት የሚፈርሰው ከመሠረቱ ነውና። በቆላ ምስጥ ዋና ጠላት ነው። ማእዘኑን በቀጥታ መሬት ቀብሮ በጭቃ የለበጠ ሰው፥ ግድግዳው ከውጭ ጤነኛ መስሎ ሲታይ ውስጡ ዱቄት ሆኖ ያገኘዋል። መሠረቱ በድንጋይ ተሠርቶ ከመሬት ከፍ ቢል፥ እንጨቱም ደረቅና መድኃኒት የተቀባ ቢሆን፥ ዕድሜው ይረዝማል። ወጭን ለመቀነስ ከሁሉ በፊት የሚተወው መሠረት ነው፤ እኛ ግን አንድ ክፍል ቀንሶ መሠረቱን ማጽናት ይሻላል እንላለን።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። በጂንካ ደጋው ቅርብ ስለ ሆነ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ይላል፤ በአርቦሬ ግን ዝቅ ያለ የቆርቆሮ ጣራ ያለ ኮርኒስ ከተሠራ ቀን ቀን ምድጃ ነው። ጣራው ከፍ ይበል፤ በፊትና በኋላ ትይዩ መስኮት ይኑር፤ በረንዳውም ሰፊ ሆኖ ፀሐይ ግድግዳውን እንዳይመታው ይከልክል። ወባ ስላለ መስኮቱ በወንፊት ሽቦ ይጋረድ። ይህን ለማድረግ ከባዕድ አገር መጽሐፍ አያስፈልግም፤ የአርቦሬዋን ሴት ጐጆ ገብቶ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ ማየት ይበቃል። ደግሞም በደረቅ ወራት ሜዳ መስሎ የሚታየው ቦታ ወንዙ ሲሞላ ውኃ የሚተኛበት ሊሆን ስለሚችል፥ የጎርፉን ወሰን ከአገሩ ሽማግሌዎች ሳይጠይቁ መሠረት መጣል ድፍረት ነው።

ለማን እናከራይ ለሚለው፥ የቱሪስት ነገር ብዙ ሰው ያጓጓል። እውነት ነው፤ የሐመርን፥ የአርቦሬንና የሙርሲን አገር ለማየት የሚመጣ እንግዳ በጂንካና በቱርሚ ያድራል። ነገር ግን በ2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ በመጣ ጊዜ፥ ቀጥሎም በ2013 ዓ.ም. በሰሜን ጦርነት በተነሣ ጊዜ፥ ከሩቅ የሚመጣው እንግዳ በአገሩ ሁሉ ቀረ። አስተማሪውና ነርሱ ግን በዚያም ዘመን በየክፍላቸው ነበሩ፤ ደመወዛቸው ትንሽ ነው፥ ግን በየወሩ ይመጣል። ለጀማሪ እኛ የምንመርጠው ይህን ነው። ይልቁንም በሐረር ጀጎል ወይም በሌላ ጥንታዊ ከተማ የቆየ ቤት ይዞ ለእንግዳ ማደርያ ለማድረግ የሚያስብ ሰው፥ ቤቱ በቅርስነት የተመዘገበ ከሆነ በ1992 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 209 መሠረት ያለ ፈቃድ ማደስና መለወጥ እንደማይችል ይወቅ።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የጠብ ነገር ነው። በአንድ ግቢ ውስጥ አከራይና አራት ተከራይ ሲኖሩ ጠብ የሚነሣው ከኪራዩ ዋጋ ይልቅ ከመብራትና ከውኃ ነው። ቆጣሪው አንድ ከሆነ፥ ምጣድ የምትጥደዋና አንድ አምፑል ብቻ ያላት እኩል ክፈሉ ሲባሉ ነገሩ በወር ውስጥ ወደ ቀበሌ ይደርሳል። ለየክፍሉ ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት በመጀመሪያ ወጭ ቢመስልም፥ ሰላም በዚያ ዋጋ ሲገኝ ርካሽ ነው። ውኃም በሳምንት የተወሰነ ቀን ብቻ በሚመጣበት ከተማ፥ ለተከራይ የሚሆን በርሜል ወይም ታንከር ማቆም ግዴታ ነው፤ አከራይቱ በመስኮት ሆና ጀሪካን ስትቆጥር የምትውልበት ግቢ ለማንም ደስ አይልም። መጸዳጃውንም ማን በየትኛው ቀን እንደሚያጥብ በውል መጻፍ የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ልጅ ያላትን ሴት አናከራይም የሚሉ፥ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ በር አንከፍትም የሚሉ አከራዮች አሉ። በሌሊት ተረኛ የሆነችውን ነርስ ደጅ የሚያሳድር ሰው፥ መልካም ተከራዩን በገዛ እጁ ያባርራል።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320 ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፥ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ደንግጎአል፤ ጭማሪውም በዓመት አንድ ጊዜ ተቈጣጣሪው አካል በሚወስነው ልክ ነው። አዋጁ የሚሠራባቸውን ከተሞች ክልሎች ስለሚወስኑ፥ የከተማውን ማዘጋጃ ቤት መጠየቅ ይገባል፤ አዋጁ ባይደርስበትም ሥርዓቱን መከተል አይጐዳም። የበርና የመስኮት፥ የወለልና የቧንቧ ትንንሽ ጥገና በፍትሐ ብሔር ሕጉ የተከራዩ ድርሻ ነው፤ ጣራው ሲያፈስ ግን አከራዩ ይውጣበት። በየወሩ የተቀበሉትን በደብተር መጻፍ፥ ደረሰኝም መስጠት፥ የኪራይ ገቢ ግብርንም በወቅቱ መክፈል ይገባል፤ ደብተር የሌለው ሰው ግብር ሰብሳቢው በግምት ሲተምነው የሚከራከርበት ነገር የለውም።

ሥራውን መቼ እንጀምር ለሚሉን፥ በዚያ አገር ዋናው ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ በጥቅምትና በኅዳርም ሌላ ዝናብ አለ። ስለዚህ ድንጋዩና እንጨቱ በኅዳር መጨረሻ ተሰብስቦ፥ መሠረቱ በታኅሣሥ ተጥሎ፥ ቆርቆሮው በጥር ቢመታ፥ ጭቃው የካቲትን ሙሉ ይደርቃል፤ የመጨረሻው ልስን ግን ዝናቡ አልፎ ግድግዳው የሚሰነጠቀውን ያህል ከተሰነጠቀ በኋላ፥ በሰኔ ይደረጋል።